በ29ኛው ቀን ያቆምኩት መቁጠሪያ

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው ከባሕር ዳር ነው። 36 ዓመቴ ነው፤ ባለትዳርና የአንዲት ልጅ እናት ነኝ። እኔ ካቶሊክ ነኝ፤ ባለቤቴና አብረውን የሚኖሩት እናቱ ኦርቶዶክስ ናቸው። በዚህ ተጣልተን አናውቅም። አማቴ ሌሊት ተነስተው ውዳሴ ማርያማቸውን ሳያጓድሉ የሚደግሙ ሰው ናቸው።

እናቴ ታማ ሆስፒታል ስትገባ የ54 ቀኑን ኖቬና፣ በየቀኑ መቁጠሪያ የሚደገምበትን የካቶሊኮች ተከታታይ ጸሎት፣ ጀመርኩ። «እመቤቴ፣ እናቴን ተይልኝ፤ 54 ቀን ሳላጓድል መቁጠሪያ እደግምልሻለሁ» ብዬ ተሳልኩ። ቀን ሥራ ነው፣ ማታ ማስታመም ነው። አንዳንዴ ባጃጅ ውስጥ፣ አብዛኛውን ጊዜ ግን ሌሊት አልጋ ላይ ሆኜ በ10 ደቂቃ ጨርሼው ነበር የምተኛው። 27ቱን የልመና ቀን እንደምንም ፈጸምኩ። 28ኛው ቀን የምስጋናው መጀመሪያ ነበር። ያን ቀን ትንሽ ሻል ብሏት አጥሚት ጠጥታ ስለነበር ከልቤ አመሰገንኩ። በማግስቱ ሊነጋጋ ሲል አረፈች።

ከዚያ ወዲህ አልደገምኩም። አርባዋ ካለፈ ሳምንት ሆነው። ሁለት ጊዜ ሞክሬ ነበር፤ «አሁንም በሞታችንም ሰዓት» የሚለው ላይ ስደርስ ጉሮሮዬ ይዘጋል። የቀረውን ደግሞ አፌ ይለዋል እንጂ ልቤ የለበትም፤ ሐሳቤ ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ነው። አማቴ ሳለቅስ ሰምተው «ልጄ፣ የእመቤታችን ስእለት እንዲህ ተሰብሮ አይተውም፤ ከአንድ ጀምረሽ ድገሚው» አሉኝ። ለእኔ ብለው እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን ፈራሁ። ባለፈው ልጄን ትኩሳት ሲይዛት «በእኔ ነው» እያልኩ ሌሊቱን ሙሉ ቁጭ ብዬ አደርኩ። የእናቴ የቤተ ክርስቲያን ጓደኛም «ነይ አብረን እንድገም» ብላ ሁለት ጊዜ ደወለች፤ አላነሳሁላትም። ምን ልበላት?

እናቴ ቡና አፍልታ፣ በረካው ከተጠጣ በኋላ፣ ፍሙ ሳይጠፋ እዚያው ዱካዋ ላይ ሆና ነበር የምትደግመው። መቁጠሪያዋ አሁን እኔ ጋ ነው። ሦስተኛው አሥር ላይ አንድ ፍሬ ወድቆባት በጥቁር ክር ቋጥራዋለች። ስእለት ሰብሬአለሁ ወይ? ከየት ልጀምር? ሳይሰማኝ የምደግመውስ ጸሎት ነው? ፍሬ በጎደለውስ መቁጠሪያ ይደገማል?

የእናቷ ልጅ፣ ከባሕር ዳር


እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ፤ የእናትሽንም ነፍስ በአብርሃም አጠገብ ያሳርፍልሽ።

ከፍርሃቱ ልጀምር። ልጅሽን ትኩሳት የያዛት ልጅ ስለሆነች ነው፤ ልጅን ትኩሳት ይይዛታል። ባሕር ዳር ላይ ለዚያ የሚደረገው ወስዶ ወባ እንዳይሆን ማስመርመር ነው። አንቺ ያቋረጥሽውን ቀን እየቆጠረች በልጅሽ ላይ የምትበቀል እናት የለችም። እናትሽ ከበረካ በኋላ ታወራት የነበረችው ማርያም እንደዚያ ያለች ትመስልሻለች?

አማትሽን ግን አልወቅሳቸውም። ጎጃም ውስጥ ስእለት ቀልድ አይደለም። ጥላና ጧፍ ይዞ ወደ ደብረ ወርቅ፣ ወደ መርጡለ ማርያም የሚገሰግሰውን ሰው እያዩ ያደጉ ሰው ሌላ ምን ሊሉሽ ኖሯል? ብቻ የራስሽን ቃል መለስ ብለሽ አንብቢው፤ «እናቴን ተይልኝ፤ 54 ቀን እደግምልሻለሁ» ነው ያልሽው። ቃሉ በአንድ ነገር ላይ የቆመ ነው፤ ያ ነገር ደግሞ አልሆነም። በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሕግ ስእለት የተንጠለጠለበት ነገር ሲቀር ስእለቱም አብሮ ይቀራል። «የለም፣ እኔ እንኳ ቢሆንም ባይሆንም ልደግም ነበር የተሳልኩት» የምትዪ ከሆነ ወደ ቆሞስሽ፣ ማለት ወደ ቁምስናሽ ካህን፣ ሂጂ። የግል ስእለትን የመፍታት ወይም በሌላ በጎ ሥራ የመለወጥ መንገድ ቤተ ክርስቲያን አላት። የአምስት ደቂቃ ንግግር ነው። ስትገቢ ግን «አባ፣ ስእለት ሰበርኩ» ብለሽ አትጀምሪ፤ ፍርዱን አንቺው ሰጥተሽ ገባሽ ማለት ነው። «እንዲህ ብዬ ነበር፣ እንዲህ ሆነ» በያቸውና ይፍረዱ።

«ከአንድ ጀምሪ» የሚባለውም የትም የተጻፈ ሕግ አይደለም። የ54 ቀኑ ጸሎት እ.ኤ.አ. በ1884 በጣልያን፣ ኔፕልስ ውስጥ ከአንዲት ታማሚ ልጅና ከፖምፔይ እመቤታችን ጋር ተያይዞ የተስፋፋ የምእመናን ልማድ ነው። ሦስት ጊዜ ዘጠኝ ለልመና፣ ሦስት ጊዜ ዘጠኝ ለምስጋና። ሰው ወድዶ ይይዘዋል፤ ቀን የዘለለው ከዘለለበት ይቀጥላል። በየመሰናክሉ ወደ አንድ የሚመለስ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሦስት አራቴ ይመለስና በመጨረሻ መቁጠሪያውን ሚስማር ላይ ሰቅሎት ይቀራል።

ከየት ልጀምር ላልሽው፣ ያቆምሽበትን ቦታ አስተውለሽዋል? በዚህ ኖቬና የቆየ ልማድ ምሥጢራቱ (በየአሥሩ ፍሬ የሚታሰቡት የጌታና የእመቤታችን ሕይወት ክፍሎች) እንደ ሌላው ጊዜ የሳምንቱን ቀን አይከተሉም። ደስታ፣ ሐዘን፣ ክብር እያሉ በየቀኑ ይፈራረቃሉ። 1ኛው ቀን ደስታ፣ 2ኛው ሐዘን፣ 3ኛው ክብር፣ 4ኛው ተመልሶ ደስታ ነው። በዚሁ ብትቆጥሪ አጥሚቱን የጠጣችበትና ያመሰገንሽበት 28ኛው ቀን ደስታ ላይ ይውላል። ሳትደግሚው የቀረው 29ኛው ቀን ሐዘን ነው። እና የሐዘን ምሥጢራት የመጀመሪያው ጌቴሴማኒ ነው፤ ጌታ «ቢቻልስ ይህች ጽዋ ከእኔ ትለፍ» ብሎ የለመነበት፣ ጽዋይቱም ያላለፈችበት ቦታ።

ስለዚህ ልመናዬ አልተሰማም ብለሽ ስትቆሚ ከመቁጠሪያው ውጭ የወጣሽ መስሎሻል፤ የቆምሽው ግን ገና መግቢያው ላይ ነው። ማቴዎስ 26፥44ን አውጥተሽ እዪው፤ ሦስተኛም ጊዜ «ያንኑ ቃል» ደግሞ ጸለየ ይላል። ሰው በጣም ሲጨንቀው አዲስ ቃል አይመጣለትም፤ ያንኑ ይላል። መደጋገሙ ከንቱ ነው ለሚሉሽ (እንዲህ የሚል አይጠፋም) ከዚህ የተሻለ መልስ ያለ አይመስለኝም።

አሁን ጉሮሮሽን ወደሚዘጋው ቃል እንምጣ። በየትንሹ ፍሬ የሚባለው «ጸጋ የሞላሽ» ሁለት ግማሽ ነው። የፊተኛው ግማሽ የመልአኩና የኤልሳቤጥ ሰላምታ ነው፤ ሉቃስ 1፥28 እና 42 ላይ አለ። «ለምኚልን» የሚለው ኋለኛው ግማሽ ዘግይቶ የመጣ ሲሆን ዛሬ ባለው መልኩ በሮም የጸሎት መጽሐፍ የጸናው እ.ኤ.አ. በ1568 ነው። በዚያ ግማሽ ውስጥ ሁለት ሰዓት ብቻ አለ፤ አሁንና የሞታችን ሰዓት። መካከል ያለው ኑሮ ሁሉ፣ ሥራው፣ ትዳሩ፣ ሕመሙ፣ አልተጠራም። እናትሽ በዚያች ንጋት ላይ ሁለቱ ሰዓቶች አንድ ሆኑባት። አንቺን የሚያንቅሽ ቃሉ ስለማይገባሽ አይደለም፤ እንደ ዛሬው ገብቶሽ ስለማያውቅ ነው።

አንድ ሒሳብ ልስራልሽ፤ ካላጽናናሽ ተይው። አንድ ሙሉ ዙር ውስጥ 53 «ጸጋ የሞላሽ» አለ። እናትሽ በቀን አንድ ዙር ከደገመች በዓመት 19,345 ጊዜ ስለዚያች ሰዓት ለምናለች ማለት ነው፤ ስንት ዓመት እንደደገመች አንቺ ታውቂያለሽ። አንቺም በ28 ቀን 1,484 ጊዜ ለምነሻል። ልብሽ «አድኚልኝ» እያለ አፍሽ በሞቷ ሰዓት እንድትቆምላት ይለምን ነበር። የፈለግሽው ይህን አልነበረም፤ አውቃለሁ። ነገር ግን ያ ሁሉ ፍሬ ባዶ እንዳልወደቀ እንድታውቂ ፈልጌ ነው።

ሳይሰማኝ የምደግመው ጸሎት ነው ወይ ብለሻል። የሊዝዩዋ ቅድስት ትሬዛ፣ መናኝ ሆና፣ መቁጠሪያ መድገም እጅግ ይከብዳት እንደነበርና ሐሳቧን መሰብሰብ እንዳቃታት ሳትደብቅ ተናግራለች። ብዙ ጊዜ ካዘነችበት በኋላ እመቤታችን እናት ናትና በጎ ፈቃዴን አይታ ትቀበለኛለች ብላ ተረጋጋች። ከስሜቱ ይልቅ እኔን ያሳሰበኝ አደጋገምሽ ነው። መቁጠሪያው 59 ፍሬ አለው፤ 53 ትናንሽና 6 ትላልቅ። በ10 ደቂቃ ከጨረስሽው ለአንዱ ፍሬ 10 ሰከንድ ደረሰው ማለት ነው። ሳይጣደፉ ሲባል ግን «ጸጋ የሞላሽ» ብቻውን 15 ሰከንድ ያህል ይፈልጋል፤ አምስቱ ምሥጢር ደግሞ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች እንደሚባለው ነው። ሲቸኮል መጀመሪያ የሚፈሰው ምሥጢሩ ነው፤ ቃሉ ይቀርና ማን እንደሚታሰብበት ይጠፋል። አልጋ ላይ ሲሆን ደግሞ እንቅልፍ ያንገላጅጃል፣ ፍሬው ከጣት ያመልጣል፣ ስንት ደረስኩ የሚል ጭንቀት ይመጣል። ፍሬው የተሠራው ለዚህ ነበር፤ ጣት እንዲቆጥርና ልብ ከመቁጠር እንዲያርፍ። ቁጥር ቢጠፋብሽ ወደ ኋላ አትመለሺ። ዘጠኝም ሆነ አሥራ አንድ፣ ማንም አይጠይቅሽም።

ለጊዜው አምስቱን ተይው፣ አንድ ምሥጢር ብቻ ያዢ። ሰዓቱንም ሌሊት ከአልጋ አውጪና እናትሽ ወዳስቀመጠችበት መልሺው፤ በረካው ተጠጥቶ ሲኒው ሳይታጠብ፣ ፍሙ አመድ እየለበሰ ሳለ። ቡና በማይፈላበት ቀን አትደግሚ ማለቴ አይደለም፤ ግን እዚያ ጀምሪ። አማተቢ። ከማቴዎስ 26፥36 ጀምሮ ሦስት አራት ቁጥር አንብቢ። ግማሽ ደቂቃ ያህል ዝም በዪ፤ ይህን ዝምታ አትዝለዪው፣ ሰው ሁሉ የሚዘልለው እሱን ነው። ከዚያ በትልቁ ፍሬ አንድ «አባታችን ሆይ»፣ በትናንሾቹ አሥር «ጸጋ የሞላሽ»። ኢየሱስ የሚለው ስም የጸሎቱ ማጠፊያ ነው፤ ሐሳብሽ ወደ ኮሪደሩ ሲሮጥብሽ ከስሙ ቀጥሎ «በጌቴሴማኒ ያዘነው» የሚል አጭር ሐረግ ጨምሪበት። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ የብርሃን ምሥጢራትን በጨመሩበት እ.ኤ.አ. በ2002 መልእክታቸው ይህን ልማድ በበጎ ጠቅሰውታል። መጨረሻ ላይ «ስብሐት ለአብ» በዪ፤ ለሙታን ሲደገም በብዙ ቦታ በዚህ ፈንታ «ጌታ ሆይ፣ የዘለዓለም ዕረፍትን ስጣት» ይባላል፤ የሚቀልሽን ምረጪ። ሁሉም አምስት ደቂቃ አይሞላም። በማግስቱ ግርፋቱን፣ ከዚያ የእሾሁን አክሊል፣ ከዚያ መስቀል መሸከሙን፣ በአምስተኛው ቀን ስቅለቱን። በአምስት ቀን 29ኛውን ቀን ፈጸምሽ። ቀሪዎቹን 25 ቀናት ያኔ ታስቢባቸዋለሽ፤ አሁን አትወስኚ።

ኮሪደሩ መጥቶ ካልሄደልሽስ? እንግዲያው ከነኮሪደሩ ድገሚ። ስንት ሌሊት ቆመሽበታል፤ አንቺ እዚያ የነበርሽውን ያህል ማርያምም በመስቀሉ አጠገብ «ቆማ» ነበር ነው የሚለው ዮሐንስ 19፥25። ያደረገችው ነገር አልተጻፈም። መቆሟ ብቻ ተጻፈ።

የእናትሽን ጓደኛ ዛሬ ደውይላት፤ ከምመክርሽ ሁሉ ይህን አስቀድሚ። ምክንያቱ ማጽናናት ብቻ አይደለም። መቁጠሪያ በጋራ ሲደገም አንዱ የፊተኛውን ግማሽ ይላል፣ ሌላው ኋለኛውን ይቀበላል። አንቺ ሰላምታውን በዪ፤ የሚያንቅሽን «አሁንም በሞታችንም ሰዓት» እሷ ትበለው። ጸሎቱ እንደዚያ ሁለት ሰው ሊሸከመው ይመቻል። ምን ልበላት ብለሻል፤ «ብቻዬን አልወጣልኝ አለ፤ ተቀበዪኝ» በያት። እሷም እኮ ጓደኛዋን ቀብራ ነው፤ ምናልባት ሁለት ጊዜ የደወለችው ለአንቺ ብቻ ብላ ላይሆን ይችላል። ለልጅሽ ግን ይህን ተራ ገና አትስጫት። እናቷ «በሞታችንም» የሚለው ቃል ላይ ስትደርስ እንደምትሰበር አይታ ቃሉን ራሷ ልትሸከመው ትሞክራለች።

አማትሽንም ከዚህ አታርቂያቸው። በቃሉ ፈሩልሽ እንጂ ጸሎትሽን አልጠሉም። በጠዋት ውዳሴ ማርያም ሲደግሙ አንድ ቀን አጠገባቸው ቁጭ በዪ፤ በየዕለቱ የተከፈለው ያ ጸሎት በግእዝ ሥርዓት ለምትጸልይ ካቶሊክም የራሷ ነው። መቁጠሪያ ፈጽሞ እምቢ ባለሽ ቀን የዕለቱን ውዳሴ ከእሳቸው ጋር ብትሰሚ ማንንም አልከዳሽም። ወሬ ከተነሣ የሚወዱትን አንድ ነገር ንገሪያቸው። የእሳቸው መቁጠሪያ በ41 ወይም በ64 እንደሚቆጠር ሁሉ የእናትሽም ቁጥር ከዳዊት የመጣ ነው፤ 150ውን መዝሙር መድገም የማይችል ሰው በፈንታው 150 የማርያም ሰላምታ ይል ነበር፤ ደስታ፣ ሐዘንና ክብር ከመግቢያዎቹ ሦስት ውጭ እያንዳንዳቸው 50 ናቸው። የእናትሽ መቁጠሪያ ስምም በላቲን የጽጌረዳ ቦታ ማለት ነው። የመቁጠሪያዋ እመቤታችን በዓል ኦክቶበር 7 ሲሆን በእኛ መስከረም 27፣ አንዳንድ ዓመት ደግሞ 26 ላይ ይውላል። ጽጌ መቼ እንደሚገባ ለእሳቸው መንገር አያስፈልግሽም።

ምስጋናው ይቀራል፤ የሚከብደውም እሱ ነው። በ28ኛው ቀን አመስግነሽ በማግስቱ መቅበር መቀለድ ይመስላል፤ ብትቆጪ አይገርመኝም። ስለ ሞቷ አመስግኚ የሚልሽ ካለ አትስሚው። ቁጣው እስኪበርድ ድረስ መዝሙረ ዳዊት 87ን ድገሚ፤ በአዲሱ መጽሐፍ ቅዱስ ቁጥሩ 88 ነው። በጩኸት ይጀምርና በጨለማ ያልቃል፣ መጨረሻው ላይ የተቀጠለ «ነገር ግን» የለውም፤ ቢሆንም ከ150ው አላወጡትም። ምስጋና የመጣልሽ ቀን በትንሹ ጀምሪ። ለምሳሌ ስለዚያ አጥሚት። ጠጥታዋለች፣ ያጠጣሻትም አንቺ ነሽ መሰለኝ።

አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ፤ እንቅልፍሽ እንዴት ነው? ሌሊቱን ቁጭ ብለሽ የምታድሪው ከትኩሳቱ ቀን ወዲህም ከሆነ፣ ምግብ ካስጠላሽ፣ «በእኔ ነው» የሚለው በየነገሩ ከመጣብሽ፣ ለባለቤትሽ ንገሪውና ሐኪም ጋ አብራችሁ ሂዱ። የአእምሮ ጤና ባለሙያ ያለበት ሆስፒታል ባሕር ዳር ውስጥ አታጪም። ለአባ የሚነገረው ሌላ፣ ለሐኪም የሚነገረው ሌላ ነው፤ አንዱ አንዱን አይከለክልም።

ፍሬ ስለጎደለው መቁጠሪያ፦ ይደገምበታል። ፍሬ ቢወድቅ፣ ክሩ ቢቀየር ቡራኬው አይጠፋም፤ ተሰባብሮ መቁጠሪያነቱ ሲቀር ወይም ሲሸጥ ብቻ ነው። ክሩ ሊበጠስ የደረሰ ከሆነ ሙሉውን አስቀይሪው፤ በወፍራም ናይለን ክር የሚሠራ አይጠፋም። ካልሆነ ግን ጥቁሩን ቋጠሮ እንዳለ ተይው። እናትሽ ፍሬ ልትገዛበት ትችል ነበር፤ ቋጥራ ደገመችበት። ሦስተኛው አሥር ላይ ዘጠኝ ፍሬ ትቆጥሪና ጣትሽ ቋጠሮው ላይ ያርፋል፤ አሥረኛዋን እዚያው ላይ በያት።